የልጅ ቀለብ በተስማማነው ብቻ አይለካም

«የተስማማነውን ልኬያለሁ፤ ከዚያ በላይ ምን ይፈልጋል?» ይህን ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ። ልጄ አዲስ አበባ ከአባቱ ጋር ይኖራል፤ እኔ ካርቱም እነግዳለሁ። በ2011 ዓ.ም. ስንለያይ በየወሩ 3,000 የሱዳን ፓውንድ ልልክ በሽማግሌ ፊት ተስማማን። አንድም ወር አላጎደልኩም።

ፓውንዱን ግን ታውቁታላችሁ። በየካቲት 2013 መንግሥት የዶላሩን ዋጋ ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ሲያወጣው፣ እኛ ነጋዴዎች በጥቁር ገበያው ቀድመን ቀምሰነው ነበር። የዕቃዬን ዋጋ በየሳምንቱ እያስተካከልኩ የልጄን ቀለብ ግን እዚያው ተውኩት። በእኔ ደብተር ሂሳቡ ሙሉ ነው፤ ልጄ እጅ የሚደርሰው ግን የትምህርት ቤቱን ታክሲ እንኳ አልችል አለ።

አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለቀለብ ቁርጥ ያለ መቶኛ አላስቀመጠም። መጠኑ የሚወሰነው በተቀባዩ ፍላጎትና በሰጪው አቅም ነው። ሁኔታው ሲለወጥ እንዲሻሻል ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። ቀለብ ደግሞ ምግብ ብቻ አይደለም፤ መኖሪያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርትም ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። መጀመሪያ የልጁን የወር ወጪ እሱ በሚኖርበት አገር ገንዘብ ጻፉ። «ነጋዴ ነኝ፣ ቋሚ ገቢ የለኝም» ማለት አያዋጣም፤ የዓመቱን ሽያጭ ያዙ፣ የዕቃ መግዣውን፣ ቀረጡን፣ ማጓጓዣውንና ኪራዩን ቀንሱ፣ የቀረውን ለ12 አካፍሉ። ከዚያ ወጪውን እንደየገቢያችሁ ተካፈሉት። ለምሳሌ የልጁ ወጪ 6,000 ብር፣ የእናት ገቢ 18,000፣ የአባት 12,000 ቢሆን፣ እናት 3,600፣ አባት 2,400 ይደርሳቸዋል። ሌሊት ተነስቶ ትኩሳቱን የሚያየው፣ ልብሱን የሚያጥበው ወላጅ ድካምም ዋጋ አለው፤ ርቆ ያለው ትንሽ ቢጨምር አይጎዳም።

በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ትምህርት ሲከፈት፣ ሂሳቡን እንደገና እዩት። ስምምነቱንም በጽሑፍ አድርጉት።

እኔ አሁን በብር ቆርጬ እልካለሁ። የልጄ አባት ደውሎ ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ «ዘንድሮ ጫማው ልኩ ነው።»