ስምንቱ ልጆች የት አሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። ይህን ቁጥር ወደ ሙያችን እናምጣው። 1000 ተማሪዎች በሚማሩበት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ት/ቤት ውስጥ ስምንት ያህል እንዲህ ያሉ ልጆች መገኘት ነበረባቸው ማለት ነው። እስቲ ለማስተማር ልምምድ ወጥታችሁ የተመለሳችሁ ሠልጣኞች ራሳችሁን ጠይቁ፤ ስንቱን አያችሁ? ብዙዎቻችን «ኧረ አንድም አላየሁ!» ነው የምንለው። ታዲያ ስምንቱ ልጆች የት አሉ?

መልሱ ሩቅ አይደለም። አንዳንዶቹ ከፊታችን ተቀምጠው «ባለጌ»፣ «ዱዳ»፣ «ደነዝ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። አንዳንዶቹ ተመዝግበው ሳይሰነብቱ «ይህ ልጅ አይሆነንም፣ ውሰጂው» ተብለው ተመልሰዋል። የቀሩት ደግሞ ከነጭራሹ ከቤት አልወጡም። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገቡ፣ ሰው እንዳያያቸው በር የሚዘጋባቸው ናቸው። ስለዚህ አላየናቸውም ማለት የሉም ማለት አይደለም።

ለመሆኑ ኦቲዝም ምንድን ነው? ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይ የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። ልጁ ከሰው ጋር በሚግባባበት መንገድ፣ አንድን ነገር ደጋግሞ በመሥራቱ፣ በለመደው ሥርዓት ላይ በመጽናቱ፣ ድምፅና ብርሃን ወይም የልብስ ሻካራነት ከሌላው ይበልጥ በሚሰማው ስሜት ይገለጻል። አንዱ ጨርሶ አይናገርም፤ ሌላው አጥርቶ ይናገራል፣ ጨዋታው ግን ሁልጊዜ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። አይተላለፍም፣ እርግማን አይደለም፣ የእናት ጥፋትም አይደለም።

«የእናት ጥፋት አይደለም» የሚለውን ማስመር ይገባል። ሊዮ ካነር የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ስለ 11 ልጆች ጽፈው ኦቲዝምን ካሳወቁ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት አንዳንድ ምሁራን ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ፍቅር ስለነፈገችው ነው ብለው አስተምረዋል። እኛ በእርግማን ስም የከሰስናትን እናት እነሱ በሳይንስ ስም ከሰሷት ማለት ነው። ይህን ስሕተት ፊት ለፊት ከተጋፈጡት አንዱ ራሳቸው የልጁ አባት የነበሩት የሥነ ልቦና ምሁር በርናርድ ሪምላንድ ናቸው፤ መጽሐፋቸውን እ.ኤ.አ. በ1964 አወጡ። በእንግሊዝ አገር በ1962፣ በአሜሪካ ደግሞ በ1965 ወላጆች ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ። እውቀቱ የተቃናው በወላጆች ብርታት ጭምር ነው።

በአገራችንም ጉዳዩን ወደ አደባባይ ያወጡት እናት ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን ተቀብሎ የሚያቆይ ት/ቤት ሲያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም «ልጆቻችሁን አትደብቁ» እያሉ በየመድረኩ ተሟግተዋል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በዚያው በአዲስ አበባ ይገኛል። ግን አብዛኞቻችን የምንመደበው ከአዲስ አበባ ርቆ ነው። እዚያ ማዕከል የለም፣ ስፔሻሊስት ሐኪም የለም። ታዲያ ምንም የለም እንበል?

የለም፣ አለ! እንቁጠረው። አንደኛ፣ እናት አለች። ልጁ ምን እንደሚያስደነግጠው፣ ምን እንደሚያረጋጋው ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተሰማርተዋል፤ የየቤቱን በር ያንኳኳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና ስፔሻሊስት ባልሆኑ ሰዎች እንዲሰጥ ሆኖ በአገራችንም ተሞክሯል። ሦስተኛ፣ እድር አለ። ለቅሶ ላይ ድንኳን የሚተክል ጉልበት፣ አንዲት እናት ገበያ እስክትደርስ ልጇን በተራ የሚጠብቅላት ጎረቤት ማዘጋጀት አያቅተውም። አራተኛ፣ የሃይማኖት አባቶች አሉ። ጠበል የምትወስድን እናት መስደብ የመምህር ወግ አይደለም። አባቶች ግን «ልጁን አትሰሪው፣ ት/ቤቱንም አታስቀሪው» ቢሏት፣ ከእኛ አሥር ምክር የእነሱ አንድ ቃል ይሰማል። አምስተኛ፣ የልዩ ፍላጎት መምህር ወይም የአካቶ ትምህርት ድጋፍ ማዕከል ያለበት ት/ቤት በአካባቢው ሊኖር ይችላል፤ ጠይቆ ማወቅ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው።

«ይሄ ሁሉ የሚያምረው ወረቀት ላይ ነው፤ 70 ተማሪ ይዤ ለአንድ ልጅ ከየት አመጣለሁ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ግን እስቲ የሚያስፈልገውን እንመልከት። የቀኑን ሥራ በቅደም ተከተል በሥዕል ግድግዳ ላይ መለጠፍ፤ ለውጥ ሲኖር አስቀድሞ መንገር፤ ትእዛዝን ማሳጠር፤ ጫጫታ የሚረብሸውን ልጅ ከበርና ከመስኮት ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ። ከእነዚህ ውስጥ 69ኙን የሚጎዳ የትኛው ነው? እንዲያውም ይጠቅማቸዋል።

ምልክቱን ስንፈልግም የውጭውን መጽሐፍ እንዳለ አንገልብጥ። ዓይን ለዓይን አለመተያየት እንደ ምልክት ይጠቀሳል። እኛ ዘንድ ግን ልጅ በታላቁ ፊት ዓይኑን ቢሰብር ጨዋነት ነው። ይልቅስ ስሙ ሲጠራ ይዞራል ወይ? የሚፈልገውን በጣቱ ይጠቁማል ወይ? ከእኩዮቹ ጋር እቃቃ ይጫወታል ወይ? ብለን እንጠይቅ። በእርግጥ «ኦቲዝም ነው» ብሎ መወሰን የሐኪም ድርሻ ነው። የእኛ ድርሻ ማስተዋል፣ ለወላጅ በአክብሮት መንገርና ወደ ጤና ጣቢያ መምራት ነው። ምርመራው እስኪደርስ ግን ልጁን ከማስተማር የሚያግደን የለም።

ስለሆነም ለተቋማችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። ሀ/ ለማስተማር ልምምድ የሚወጣ ሠልጣኝ ሁሉ ከትምህርት ዕቅዱ ጋር የአካባቢውን ረዳቶች ዝርዝር አጥንቶ ይመለስ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማን ናት? የእድሩ ሊቀ መንበር የት ይገኛሉ? የድጋፍ ማዕከል ያለው ት/ቤት የቱ ነው? ለ/ ፈቃደኛ የሆኑ ወላጆች ወደ ተቋማችን ተጋብዘው ያስተምሩን፤ መድረኩ ለዲግሪ ብቻ አይሁን። ሐ/ ጉዳዩ ለልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ብቻ አይተው፤ የሒሳቡም፣ የስፖርቱም፣ የአማርኛውም መምህር ይወያይበት።

ባልደረቦቼ ሆይ! ወደ ምድብ ቦታችን ስንሄድ የተማሪ ስም ዝርዝር ይሰጠናል። የእነዚያ ስምንት ልጆች ስም ግን ላይኖርበት ይችላል። ዝርዝሩን አንብቦ ብቻ ክፍል የሚገባ መምህር እነሱን አያገኛቸውም። ወጥቶ በር የሚያንኳኳ፣ «ልጅዎ እንዴት ነው? መቼ ያመጡልናል?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ግን ያገኛቸዋል።