አሮጌውን ኮምፒዩተር ከመለወጥ አስቀድሞ

ነጋዴ የሆነ ሰው ሁሉ ለሸቀጥ የሚያወጣውን ገንዘብና ለጽሕፈት ቤቱ መሣሪያ የሚያወጣውን ገንዘብ ለይቶ መመልከት እንደሚገባው የታወቀ ነው። ለሸቀጥ የወጣው ብር ሸቀጡ ሲሸጥ ከትርፉ ጋር ይመለሳል፤ ለመሣሪያ የወጣው ብር ግን የሚመለሰው መሣሪያው ሥራን ያፋጠነ ወይም ጉዳትን የከለከለ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ በብዙ የንግድ ቤቶች የሚሰማውን «ኮምፒዩተሩ አርጅቷልና አዲስ ይገዛ» የሚለውን ቃል እንዲሁ ከመቀበልም ሆነ እንዲሁ ከመጣል በፊት በጥሞና መመርመር ያስፈልጋል።

ጉዳዩን ከቀድሞው ይልቅ ከባድ ያደረጉት ሁለት ምክንያቶች ናቸው። አንደኛው የምንዛሪ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ኮምፒዩተርም ከነመለዋወጫው ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ በመሆኑ የለውጡ ሸክም በገዢው ላይ ማረፉ አልቀረም። ሁለተኛው ምክንያት በዓለም ገበያ የተፈጠረ ነው። በ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቋቋሙት ታላላቅ የመረጃ ማእከሎች የማስታወሻ ቺፕ በብዛት ስለ ተሻሙ፣ ራም በመባል የሚታወቀው ክፍል ዋጋው በብርቱ ናረ። እንግዲህ አቅሙ ውስን የሆነ ነጋዴ ሳያስፈልገው ሙሉ ኮምፒዩተር ቢገዛ፣ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው በእርሱ ላይ መድረሱ ነው።

ይሁን እንጂ ወጪን መፍራት ብቻውን ቁጠባ አይባልም። በዛሬው ጊዜ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የግብር ማስታወቂያ፣ ከባንክና ከውጭ አገር ደንበኞች ጋር የሚደረገው መጻጻፍ ሁሉ በኮምፒዩተር ያልፋል። መሣሪያው በመንቀራፈፉ ምክንያት በቀን 20 ደቂቃ ብቻ ቢባክን፣ በ26 የሥራ ቀናት 520 ደቂቃ ይሆናል፤ ይኸውም ከአንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይበልጣል። ደመወዙ የሚከፈለው ግን ለወሩ በሙሉ ነው። ደንበኛው ደረሰኝ እየጠበቀ በቆመበት ጊዜ የሚደርሰው ቅሬታ ደግሞ በሒሳብ መዝገብ ላይ የማይጻፍ ኪሣራ ነው።

ስለሆነም የእኔ አሳብ ገንዘብ ባጠረ ጊዜ ኮምፒዩተር በተራ ይታደስ የሚል ነው፤ ተራውንም መወሰን ያለበት ምርመራ ነው። በጽሕፈት መኪና ዘመን ሪባኑ ቢደርቅ ሪባኑ ይለወጥ ነበር እንጂ መኪናው አይጣልም ነበር። ይኸው ልማድ ዛሬም ሊረሳ አይገባውም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው የመሣሪያው ዕድሜ ነው። ማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጠቅላላው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ይቀበላል። ትውልዱን ለማወቅ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ማንበብ ይበቃል፤ አይ5-4570 የሚለው አራተኛ ትውልድ ሲሆን፣ አይ5-8500 የሚለው ስምንተኛ ነው። አንዳንድ ጊዜም መሣሪያው ቲፒኤም እያለው ባዮስ በሚባለው የመነሻ ቅንብር ውስጥ ተዘግቶ ይገኛል፤ ስለዚህ «አይቀበልም» ተብሎ ከመፈረዱ በፊት ባለሙያ ገብቶ ሊያየው ይገባል።

ይህን ፈተና ላላለፈ መሣሪያ ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው። ኩባንያው ለድርጅቶች በክፍያ የሚሰጠው ተጨማሪ የደኅንነት እድሳት ለአንድ ኮምፒዩተር በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ሲሆን፣ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ቢበዛ ለሦስት ዓመት ይዘልቃል፤ የሦስቱ ዓመት ድምር 427 ዶላር ይሆናል። ለአሮጌ መሣሪያ ይህን ያህል ዶላር ማውጣት ለትንሽ ንግድ ቤት የሚመከር አይመስለኝም። ሊኑክስ የተባለው ነጻ ሥርዓት ለደብዳቤና ለኢንተርኔት ሥራ በቂ ነው፤ ነገር ግን ፒችትሪን የመሳሰሉት የዊንዶውስ የሒሳብ ፕሮግራሞች እንዳሉ አይሠሩበትም። ሦስተኛው መንገድ አሮጌውን መሣሪያ ከኢንተርኔት ነጥሎ ለደብዳቤ መጻፊያና ለማተሚያ ብቻ መመደብ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሊመረጥ ይችላል፤ የደኅንነት እድሳት በማያገኝ ኮምፒዩተር ላይ የባንክ ሒሳብን ከፍቶ ገንዘብ ማዘዝ ግን የሱቅን በር ሳይቆልፉ እንደ ማደር ይቈጠራል።

ዕድሜው የሚፈቅድ ሆኖ ከተገኘ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ድክመቱ የት እንዳለ ማወቅ ነው። ለዚህ ሥራ ምንም ገንዘብ አያስፈልግም። የዕለቱ ሥራ በሞቀበት ሰዓት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ቢጫኑ ታስክ ማናጀር የሚባለው ሰሌዳ ይከፈታል። በዚያ ላይ የዲስኩ መጠን ዘወትር ወደ መቶ በመቶ የሚጠጋ ከሆነ ችግሩ ከዲስኩ ነው፤ የማስታወሻው መጠን ሞልቶ የሚውል ከሆነ ራም አንሶታል፤ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ሲጨነቅ የሚታይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህንንም በሚመረምሩበት ጊዜ ባለንብረቱና ባለሙያው ሁልጊዜ በመሣሪያው ላይ የሚሠራውን ሰው ቢጠይቁ መልካም ነው። የትኛው ሥራ በስንት ሰዓት እንደሚዘገይ ከጸሐፊውና ከሒሳብ ሠራተኛው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

በአብዛኛው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ በመጀመሪያ የሚገኘው ድክመት የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። ይህ ዲስክ በደቂቃ 7200 ጊዜ እየዞረ በመርፌ መሰል ክንድ የሚነበብ በመሆኑ፣ በልዩ ልዩ ቦታ የተበተኑ ጥቃቅን ፋይሎችን ሲፈልግ በሰከንድ ቢበዛ መቶ ጊዜ ገደማ ብቻ ይመላለሳል። የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ግን በዚያው ጊዜ ብዙ ሺህ ጊዜ ያነባል። ስለዚህ በውስን ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ኤስኤስዲውን ያስቀድም። ለጽሕፈት ቤት ሥራ 256 ጊጋባይት የሚይዘው ይበቃል። ለአሮጌ መሣሪያም ሳታ በሚባለው ገመድ የሚገጠመውን ባለ 2.5 ኢንች መጠየቅ ይሻላል፤ ኤንቪኤምኢ የተባለውን ፈጣን ዓይነት ብዙዎቹ የቀድሞ ማዘርቦርዶች ለማስነሻ አይቀበሉትምና። ከዚህም ሌላ ኤስኤስዲው ነገ መሣሪያው ቢለወጥ ወደ አዲሱ ሊዛወር ስለሚችል፣ የወጣው ገንዘብ ከአሮጌው ጋር አይቀበርም። የወጣውንም ሃርድ ዲስክ ከነጽሑፉ ለማንም አሳልፎ መስጠት አይገባም፤ የደንበኞች ሒሳብ ሁሉ በላዩ አለ።

በሁለተኛው ተራ የሚመጣው ራም ነው። ለደብዳቤ፣ ለሒሳብ መዝገብና ለኢንተርኔት ሥራ 8 ጊጋባይት ይበቃል፤ ብዙ ገጽ በአንድነት ከፍቶ ለሚውል 16 ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ ለእኛ ዓይነቱ ሥራ ትርፍ ነው። ራም ሲገዛ ሦስት ነገር ሊታሰብ ይገባዋል። አንደኛ፣ ዲዲአር3ና ዲዲአር4 የተባሉት ዓይነቶች መሰንጠቂያቸው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ አሮጌውን ናሙና ይዞ ወደ ገበያ መሄድ ከስሕተት ያድናል። ሁለተኛ፣ ማዘርቦርዱ የሚፈቅድ ሲሆን ሁለት እኩል የሆኑትን በጥንድ መግጠም ፍጥነትን ይጨምራል። ሦስተኛ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ ሊጠቀም ስለማይችል፣ የተገዛው ራም ያለ ሥራ እንዳይቀመጥ አስቀድሞ ይታይ።

ከነዚህ ከሁለቱ በኋላ ቦርሳን መዝጋት ተገቢ ነው። ፕሮሰሰር መለወጥ ማዘርቦርዱ በሚቀበለው ዓይነት ብቻ የሚወሰን ስለሆነ፣ ብዙ ደክሞ ጥቂት ማግኘት ነው። የግራፊክስ ካርድም ለፊልምና ለጨዋታ እንጂ ለደረሰኝ የሚጠቅመው የለም። በተለይ ለቢሮ ተብለው በሚሠሩት ቀጫጭን ዴስክቶፖች ውስጥ የኃይል ማከፋፈያውና ሣጥኑ ለዚያው ሞዴል ብቻ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ከሌላ የመጣ ክፍል አልገጥም እያለ ወጪ ላይ ወጪ ያስከትላል።

የተረፈውን ጥቂት ገንዘብ መሣሪያውን ለመጠበቅ ማዋል ይሻላል። መብራት በድንገት ሲጠፋና ሲመጣ ጉዳት የሚደርሰው በመሣሪያው ብቻ ሳይሆን በመጻፍ ላይ ባለው መዝገብም ጭምር ነው፤ ስለዚህ ባትሪው የሚሠራ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። የኮምፒዩተሩ ሰዓትና ቀን እየተዛባ የሚያስቸግር ከሆነም መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር 2032 የምትባል የ3 ቮልት ባትሪ መለወጥ ነው። ይህች ትንሽ ባትሪ በመድከሟ ምክንያት ደረሰኝ በሐሰተኛ ቀን ሊታተም፣ የባንክም ገጽ አልከፈት ሊል ይችላል። አቧራውም በየጊዜው ይጠረግ፤ የማቀዝቀዣው ፋን በአቧራ ሲታፈን ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳልና። ከሁሉም በላይ የሒሳብ መዝገቡ ቅጂ በሌላ ዲስክ ተገልብጦ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ ይቀመጥ። ኮምፒዩተር በገንዘብ ይተካል፤ የአምስት ዓመት የዱቤ መዝገብ ግን በገንዘብ አይገዛም።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ አይጠፋኝም። «ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ከመለወጥ አንድ ጊዜ አዲስ ገዝቶ መገላገል አይሻልም ወይ?» የሚሉ አሉ። መሣሪያው ከስምንተኛው ትውልድ በታች ሆኖ ለባንክና ለግብር ሥራ የሚፈለግ ከሆነ እውነታቸውን ነው፤ በእንዲህ ያለው ላይ ራም ጨምሮ ማሳመር ለሚፈርስ ቤት ቀለም መቀባት ነው። ነገር ግን በዚህም ጊዜ አዲስ የግድ አይደለም። በመርካቶም ሆነ በቦሌ ያገለገሉ ዴስክቶፖች ይሸጣሉና፣ ቁጥሩን አንብቦ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የሆነውን መርጦ፣ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ አስከፍቶ አይቶ መግዛት ይቻላል። ኤስኤስዲውም ከአሮጌው ወጥቶ በዚህኛው ይገጠማል።

በመጨረሻም ለአስመጪዎቻችንና ለኮምፒዩተር ነጋዴዎች የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። ሙሉ ኮምፒዩተር ብቻ ከማምጣት ይልቅ መለዋወጫውንም አብሮ ማምጣት፣ በደረሰኝ ላይ «ራም» ወይም «ዲስክ» ብሎ ከማለፍ ዓይነቱን፣ መጠኑንና የዋስትናውን ጊዜ ለይቶ መጻፍ፣ ልኩ በውሸት የተጻፈበት ኤስኤስዲ ሲገኝም ያለ ክርክር መልሶ መቀበል ቢለመድ፣ ገዢውም ሻጩም ይጠቀማሉ። የንግድ ምክር ቤታችንም አባሎቹን በዚህ ጉዳይ አወያይቶ ለደረሰኙ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ቢያወጣ ድካሙ ከንቱ አይሆንም። በአንድ ባለሱቅ እጅ የተረፈ ጥቂት ሺህ ብር፣ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ገበያ ውስጥ ሸቀጥ ሆኖ የሚገላበጥ ገንዘብ ነውና።