የአንዱ በደል ለሌላው ጠበቃ አይሆንም

እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 2020 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቃል አቀባይ በትዊተር ገጻቸው አንድ ጥሪ አስተላለፉ። ነፃነት ወዳድ ሁሉ ቤጂንግ በሆንግ ኮንግ ላይ የምታደርገውን እንዲቃወም የሚጠይቅ ነበር። የቻይና ውጭ ጉዳይ ቃል አቀባይ ኹዋ ቹንዪንግ መልስ ለመስጠት ብዙ አልደከሙም። «መተንፈስ አልቻልኩም» ብለው ጻፉ፤ በቃ። ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ አስፋልት ላይ በፖሊስ ጉልበት ታፍኖ ከሞተ ገና አምስት ቀኑ ነበር።

ጭብጨባው ቀለጠ። ግማሹ ለዋሽንግተን፣ ግማሹ ለቤጂንግ፤ ልክ እንደ አርሴናልና እንደ ማንቸስተር ደጋፊ። ከዚያ ሁሉ ጭብጨባ ግን የሆንግ ኮንጉ ወጣት ምን አገኘ? በወሩ የብሔራዊ ደኅንነት ሕጉ ታወጀበት። የፍሎይድ ቤተሰብስ ከቤጂንግ ቃል አቀባይ ምን አተረፈ? ምንም። ሁለቱም ቃል አቀባዮች የተናገሩት እውነት ነበር። ሁለቱም ግን የተናገሩት ለተበዳዩ ብለው አልነበረም።

ይህ የ«አንተስ?» ጨዋታ አዲስ አይደለም። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ሞስኮ ስለ እስር ካምፖቿ ስትጠየቅ በአሜሪካ ደቡብ በገመድ ስለሚሰቀሉት ጥቁሮች ታነሳ ነበር። ዛሬ ጨዋታው በመንግሥት ማኅተም ይታተማል። ዋሽንግተን የዓለም አገሮችን የሰብዓዊ መብት አያያዝ የሚገመግም ዓመታዊ ሪፖርት ታወጣለች፤ የአሜሪካ ምዕራፍ ግን የለበትም። ቤጂንግ ደግሞ ከ2000 ጀምሮ ስለ አሜሪካ ብቻ የተጻፈ ሪፖርት ማውጣት ይዛለች፤ ስለ ራሷ ስትጽፍ ግን የምታወጣው የስኬት መዝገብ ነው። የሌላውን ጉድፍ ለማሳየት ሁለቱም መነጽር አያጡም። የራስን ምሰሶ የሚያሳይ መስታወት ግን ከሁለቱም ቤት ጠፍቷል።

ስምምነቶቹን ያየ ደግሞ የበለጠ ይገረማል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሁለት ታላላቅ ቃል ኪዳኖችን አወጣ። አንዱ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን፣ ሌላው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶችን ይመለከታል። አሜሪካ የመጀመሪያውን በ1992 አጸደቀች፤ ሁለተኛውን በ1977 ፈርማ እስከ ዛሬ አላጸደቀችውም። ቻይና በተቃራኒው ሁለተኛውን በ2001 አጸደቀች፤ የመጀመሪያውን በ1998 ፈርማ እስከ ዛሬ አላጸደቀችውም። አንዷ አፍን ይዛ ዳቦን ተወች፤ ሌላዋ ዳቦን ይዛ አፍን ተወች። ከዚያ እያንዳንዷ በያዘችው ግማሽ ሌላዋን ትሰፍራለች። ነጋዴ በትልቅ ቁና ገዝቶ በትንሽ ቁና ሲሸጥ ገበያተኛው ሌባ ይለዋል። ኃያል መንግሥት ሲያደርገው ግን ስሙ ዲፕሎማሲ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ውስጥ ግን አፍና ዳቦ አልተለያዩም። በ30 አንቀጾቹ ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ድምፅ ከሰጡት 48 ደጋፊ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ሶቪየት ኅብረት፣ ሳዑዲ ዓረቢያና የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ በዚያን ቀን ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል።

የቤጂንግ ደጋፊዎች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፤ ንቆ ማለፍ ሐቀኝነት አይደለም። በዓለም ባንክ ስሌት መሠረት በ40 ዓመታት ውስጥ ወደ 800 ሚሊዮን የሚጠጋ ቻይናዊ ከከፋ ድህነት ወጥቷል። ሰውን ከረሃብ ማውጣት ራሱ መብትን ማክበር ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ የኡይጉሩ የኢኮኖሚክስ መምህር ኢልሃም ቶህቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ዕድሜ ልክ እስራት ሲፈረድበት ለአገሪቱ ስንት ኩንታል ስንዴ ተጨመረ? ከ1959 እስከ 1961 በዚያችው ቻይና በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ፣ የበታች ሹማምንት ለበላዮቻቸው የሐሰት የምርት ቁጥር ይልኩ ነበር። «ሕዝቡ እያለቀ ነው» ብሎ የሚጽፍ ጋዜጣ አልነበረም። ይህን ለመረዳት ኢትዮጵያዊ ሩቅ መሄድ አያሻውም። የ1965ቱ የወሎ ረሃብ ተሸፋፍኖ ከርሞ፣ ለዓለም የተገለጠው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ ነው። የታፈነ አፍ ዳቦ አያበዛም። ዳቦ ሲያልቅ የሚጮኽ ሰው ያሳጣል እንጂ።

የዋሽንግተን ደጋፊዎችም የራሳቸው አላቸው፦ «አሜሪካ ገመናዋን ራሷ ታወጣለች» ይላሉ። ይህም እውነትነት አለው። የሲአይኤን የማሰቃየት ተግባር እ.ኤ.አ. በ2014 ያጋለጠው የራሷ የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ነው። ለፍሎይድ ፍትሕ ያስገኙትም አንዲት የ17 ዓመት ልጅ በስልኳ የቀረጸችው ምስልና የሚኒያፖሊስ ችሎት ናቸው። በቤጂንግ ግን ጁን 4 ቀን 1989 ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች ሐዘናቸውን እንኳ በአደባባይ እንዲወጡ አልተፈቀደላቸውም። ስለዚህ «ሁሉም ያው ናቸው» ማለት የሰነፍ ዳኛ ፍርድ ነው። ልጇ በሞተበት አገር መጮኽ የምትችል እናትና መጮኽ የማትችል እናት አንድ አይደሉም።

ማጋለጥ ግን መፍረድ አይደለም። ከሴኔቱ ሪፖርት በኋላ ማሰቃየቱን ያዘዘ አንድም ከፍተኛ ባለሥልጣን ችሎት ፊት አልቆመም። በጓንታናሞ ከ2002 ጀምሮ 780 ያህል ሰዎች ታስረዋል፤ አብዛኞቹ አንድም ክስ ሳይመሠረትባቸው ዓመታት ቆጥረው የወጡ ናቸው።

ከድንበር ውጭ ሲሆን ደግሞ በኃያላኑ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይጠባል። አሜሪካ፣ ቻይናና ሩሲያ ሦስቱም የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አባል አይደሉም። ጋምቢያዊቷ ዐቃቤ ሕግ ፋቱ ቤንሱዳ በአፍጋኒስታን የተፈጸሙ ወንጀሎችን ለመመርመር ሲነሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ማዕቀብ የጣለችባቸው ዋሽንግተን ናት። ፍርድ ቤቱ በ2023 በፑቲን ላይ የእስር ማዘዣ ሲያወጣ ሞስኮ ዐቃቤ ሕጉን ራሳቸውን ተፈላጊ አለቻቸው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ በ2022 በሺንጂያንግ የተፈጸመው በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሊሆን እንደሚችል ሲያስታውቅ፣ ጉዳዩ በሰብዓዊ መብት ምክር ቤቱ ውይይት እንዲደረግበት የቀረበው ሐሳብ 19 ለ17 ወደቀ። ከአፍሪካ አባላት ሐሳቡን የደገፈችው ሶማሊያ ብቻ ነበረች። ልብ ይባል፤ የቀረበው ሐሳብ እንወያይበት የሚል እንጂ እንፍረድ የሚል አልነበረም። አህያ ለአህያ ቢራገጥ ጥርስ አይሳበርም ይላል ተረቱ። ጥርሱ የሚረግፈው መሀል የገባው ነው።

መሀል መግባት ምን እንደሆነ ደግሞ ኢትዮጵያ ታውቀዋለች። በየካቲት 1969 ዓ.ም. የካርተር መንግሥት በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ወታደራዊ እርዳታ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ጥሰቱ እውነት ነበር። ደቡብ ኮሪያም በዚያው ሰሞን በመብት ጥሰት ትወቀስ ነበር፤ የእሷ እርዳታ ግን ለጸጥታ ሲባል አልተነካም። ደርግ ፊቱን ወደ ሞስኮ አዞረ። ሞስኮም እስከዚያ ድረስ ስታስታጥቃት የኖረችውን ሶማሊያን ትታ በ1970 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ መሣሪያ አጎረፈች። የወጣት ሬሳ ጽሑፍ እየተለጠፈበት መንገድ ዳር ሲጣል ክሬምሊን የደርግ ወዳጅ ሆኖ ቀጠለ። የልጇን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈይ የተባለች እናት፣ ከሁለቱ ኃያላን የትኛው የተሻለ የመብት መዝገብ እንዳለው ብትጠየቅ ምን ትመልስ ነበር?

ታዲያ ተቀናቃኞች ሲካሰሱ ጆሮ መድፈን ይገባል? አይገባም። ክሱ ከጠላት ስለመጣ ብቻ ሐሰት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1947 ደብሊው ኢ ቢ ዱቦይስና ባልደረቦቻቸው የአሜሪካ ጥቁሮችን አቤቱታ ለተባበሩት መንግሥታት ሲያቀርቡ ሶቪየት ኅብረት ደገፈችው። ስታሊን ስለወደደው አቤቱታው ውሸት አልሆነም። እንዲያውም በ1952 የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባቀረበው ጽሑፍ፣ የዘር መድልዎው ለኮሚኒስቶች ፕሮፓጋንዳ ስንቅ እየሆነ መሆኑን አስረዳ። በ1954 ፍርድ ቤቱ ተማሪዎችን በዘር መለያየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ሲል ወሰነ። የጠላት ክስ ለተበዳይ ምስክር ሆኖ የሚያገለግለው እንዲህ ነው። ምስክሩን የሚሰማ ችሎት ግን መኖር አለበት። በዚያው ዘመን በሳይቤሪያ ካምፕ የነበረው እስረኛ እንዲህ ያለ ችሎት አልነበረውም።

ስለዚህ ንጽጽሩ ይደረግ፤ ግን በአንድ ቁና። የታሰረው ሰው የተከሰሰበትን ያውቃል? ነፃ ሊለቀው የሚችል ዳኛ ፊት ቀርቧል? እናቱ «ልጄ የት ነው?» ብላ በአደባባይ መጠየቅ ትችላለች? ጥያቄዋን የጻፈው ጋዜጠኛ ማታ ቤቱ ያድራል? ያዘዘው ባለሥልጣንስ ይጠየቃል? እነዚህ አምስት ጥያቄዎች ለኡሩምቺም፣ ለጓንታናሞም፣ ለሞስኮም፣ ለአዲስ አበባም አንድ ናቸው። አምስቱንም ያለ ሐፍረት የሚመልስ ኃያል መንግሥት የለም፤ ውጤታቸው ግን እኩል ስላልሆነ ልዩነቱን መናገርም ግዴታ ነው።

በእነዚህ ጥያቄዎች ፊት «አሜሪካስ?»፣ «ቻይናስ?» ብሎ የሚመልስ ሰው ጥያቄውን አልመለሰም፤ ሸሽቷል። ልጇን ፍለጋ ከእስር ቤት እስር ቤት የምትንከራተት እናት ስለ ሌላ አገር አልጠየቀችም። የጠየቀችው ስለ ልጇ ነው።