ታንክ ነፍስ የለውም

ከእራት በኋላ በየመኝታ ክፍላችን የማይቀር አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም በስልክና በኮምፒዩተር ስለምንጫወተው የታንክ ጨዋታ ነው። አንዱ «እኔ የተኮስሁት ፈንጂ ጥይት ብረቱን ካልበሳው፥ ነጥቡ እንዴት ቀነሰ?» ይላል። ሌላው «ፈንጂ ማነጣጠር ላልቻለ ሰው የተሠራ የሰነፍ ጥይት ነው» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ መብራት እስኪጠፋ ይዘልቃል። እኛም ከተከራካሪዎቹ ወገን ስለ ሆንን፥ ጨዋታውን ለመንቀፍ አልተነሣንም። ነገር ግን ሁላችንም ዘልለነው የምናልፍ አንድ ጥያቄ ስላለ፥ እርሱን ለማንሣት ይህን ጽፈናል።

አስቀድመን ጥይቶቹን እንለይ። ብረት የሚበሳው ጥይት ጠንካራና ከባድ ነው፤ በታላቅ ፍጥነት መጥቶ ጉልበቱን ሁሉ በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ያሳርፋል። ፈንጂው ጥይት ግን ቅርፊቱ ስስ፥ ሆዱም በፈንጂ የተሞላ ስለ ሆነ፥ እንደ ነካ ይፈነዳል። የፍንዳታው ግፊት ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ይበተናልና ወደ ብረቱ የሚደርሰው ከፊሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ወፍራሙን የፊት ብረት አብዛኛውን ጊዜ አይበሳውም።

ይህ ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። ሰንሰለቱን ይበጥሳል፤ የመመልከቻውን መስተዋት ይሰብራል፤ የመድፉን አፈሙዝ ያበላሻል፤ ስስ የሆነውን ጣራ ይሰነጥቃል። ጥይቱ ትልቅ ሲሆን ደግሞ ብረቱ ሳይበሳ እንኳ የምቱ ኀይል በብረቱ ውስጥ አልፎ ከውስጠኛው ገጽ ላይ ፍንጣሪ ያራግፋል። እ.ኤ.አ. በ1943 ሶቪየቶች ያሰለፉት ኤስዩ 152 የተባለው ተሽከርካሪ መድፍ ከ43 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ፈንጂ ይተኩስ ስለ ነበር፥ ለጀርመን ከባድ ታንኮች የሚያስፈራ ባላጋራ ሆኖባቸው ነበር።

ጨዋታዎቹ ይህን ነገር በሒሳብ ይተረጕሙታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ዎርልድ ኦፍ ታንክስ ለእያንዳንዱ ታንክ የነፍስ ነጥብ ይሰጠዋል። በቀድሞው ደንብ ፈንጂው ብረቱን ካልበሳ ጉዳቱ በእኩሌታ ይቀንስና፥ ከዚያ ላይ ደግሞ እንደ ብረቱ ውፍረት ይቀነስለታል። ለምሳሌ 900 ነጥብ የሚጎዳ ፈንጂ 100 ሚሊ ሜትር በሆነ ብረት ላይ ቢፈነዳ፥ ከ450 ላይ 110 ተነሥቶ 340 ያኽል ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይህ ደንብ ተለወጠ። ዋር ተንደር የተባለው ጨዋታ ግን ለታንኩ ጠቅላላ ነጥብ አይሰጥም፤ በውስጡ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ይቈጥራል። የፍንዳታው ግፊት በስሱ ጣራ በኩል ከገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወድቃሉ። ይህኛው ወደ እውነቱ ጥቂት ይቀርባል፤ ቢሆንም በዚያም ሰዎቹ ቀለማቸው የሚለወጥ ትንንሽ ሥዕሎች ናቸው።

እንግዲህ ያልነው ጥያቄ ይህ ነው። «የታንኩ ነፍስ አለቀ» ስንል የማን ነፍስ ነው ያለቀው? ታንክ ነፍስ የለውም። በኬቪ 2 ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ በቲ 34-85 ውስጥ አምስት። ብረቱ ሳይበሳ ታንኩ ጸጥ ቢል፥ የተሸነፈው ብረቱ ሳይሆን ጆሮአቸው የደማ፥ በፍንጣሪ የቈሰሉ ሰዎች ናቸው። 340 የሚለው ቍጥር የሚሸፍነው ይህንን ነው።

«ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ በሰንጠረዥ ወታደር ሲበላ ማን ያለቅሳል?» የሚሉን ጓደኞች እንዳሉ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። ሰንጠረዥ ጦርነትን አሳያችኋለሁ ብሎ አያውቅም። የታንክ ጨዋታ ግን የሚመካው በእውነተኛነቱ ነው፤ የእያንዳንዱን ብረት ውፍረት በሚሊ ሜትር ለክቶ ያቀርባል። ብረቱን እስከዚህ ድረስ የለካ፥ ሰውን ግን በነጥብ የተካ፥ የእውነቱን ግማሽ ብቻ ነግሮናል። ግማሹን ይዞ «ታንክ እንዴት እንደሚሞት አውቃለሁ» የሚል ተማሪ ደግሞ ራሱን ያታልላል።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በነበረው ጦርነት ጊዜ ተቃጥለው በመንገድ ዳር የቀሩትን ታንኮች በዐይናቸው አይተው ወደ ትምህርታቸው የተመለሱ ጓደኞች አሉን። ክርክሩ ሲጦፍ ዝም የሚሉት እነርሱ ናቸው። ዝምታቸውን አለማወቅ አድርገን የቈጠርን ብዙዎች ነን።

ስለዚህ ጨዋታው ይቅር አንልም፤ እኛም ነገ ማታ እንጫወታለን። የምንጠይቀው የተማሪዎች ማኅበራችን ከክርክር ምሽቶቹ አንዱን ለዚህ ጉዳይ እንዲሰጥ ነው። የምሕንድስና ተማሪ ፍንዳታ በብረት ላይ የሚያደርገውን ይንገረን፤ ከጎኑም የሕክምና ተማሪ ቆሞ ያው ፍንዳታ በሰው ሳንባና ጆሮ ላይ የሚያደርገውን ያስረዳን። እስከዚያው ድረስ «340 ቀነስሁለት» ብሎ የሚፎክር ጓደኛ ሲገጥመን «በውስጡ ስንት ሰው ነበረ?» ብለን እንጠይቀው።