ክላክሱ ጮኸ፤ ሰሚው ግን ማን ነው?

ርዕሰ አንቀጽ



ባለፈው ወር በቦኖው ቁልቁለት ላይ የደረሰውን ነገር ያልሰማ የለም። የ7 ዓመት ልጅ ጀሪካኑን ይዞ መንገድ ሲያቋርጥ ሚኒባስ ታክሲ እግሩን ገጨው። ፈጣሪ አትርፎት ዛሬ እግሩ በጄሶ ታስሮ ቤቱ ተቀምጧል። ሹፌሩም ልጁን ራሱ አንስቶ ለሕክምና አድርሶታል፤ እስከ ዛሬም ሳይጠይቀው ውሎ አያድርም። ስለዚህ ይህን የምንጽፈው ሰው ለመክሰስ አይደለም።

ነገር ግን በዚያን ዕለት የተነገሩ ሁለት ቃሎች ከጆሯችን አልወጡም። ሹፌሩ «ኧረ እኔ ክላክስ አድርጌያለሁ! ያውም ሁለት ጊዜ!» አለ። እውነቱን ነው፤ ቦኖው ዘንድ ተራ ይጠብቁ የነበሩ እናቶችም ሰምተዋል። ልጁን ደግሞ «ክላክሱን አልሰማህም ወይ?» ብለን ብንጠይቀው «ሰምቻለሁ፤ ሰው የሚጠራ መስሎኝ ነው» አለን።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ልጁ ደንቆሮ አይደለም፤ ሹፌሩም ዝም አላለም። ክላክሱም ደህና ሠርቷል። ታዲያ አደጋው እንዴት ደረሰ? በሰፈራችን ክላክስ ማለት «ና ተሳፈር» ማለት ነው፤ «ዘበኛ ክፈት» ማለት ነው፤ «ሰላም ዋልክ» ማለት ነው፤ «ሙሽራ መጣ» ማለት ነው፤ «ምን ይገትርሃል» ማለትም ነው። ይህ ሁሉ ሲደማመር «ተጠንቀቅ» የሚለው ዋናው ትርጉሙ ጠፋ። ልጆቻችን በትምህርት ቤት «ጅብ መጣ» እያለ ሰውን ሲያሞኝ የኖረውን እረኛ ታሪክ ይማራሉ። ጅቡ የመጣ ቀን የደረሰለት አልነበረም። እኛም በክላክሳችን ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ማኅበራችን ከአደጋው በኋላ በሰፈራችን የሚኖሩትንና እዚህ የሚሠሩትን ሹፌሮች፣ ባለ ባጃጆችና ባለ ሞተር ሳይክሎች «በክላክሳችሁ ደስተኞች ናችሁ ወይ?» ብሎ ጠይቋል። መልሳቸው ብዙ አስተምሮናል።

ባለ ታክሲዎቹ «የፋብሪካው ክላክስ ሰው አያስነሣም፤ ስለዚህ የአየር ጥሩምባ አስገጥመናል» አሉ። አንድ ባለ ባጃጅ «የእኔ ውሃ ገብቶበት እንደ ጫጩት ይንጫጫል፤ ትልቅ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣብኝ ማን ይሰማኛል?» ብሏል። ባለ ሞተር ሳይክሉ ደግሞ የብዙዎቻችንን አንገት ያስደፋ ነገር ተናገረ፤ «እኔን የሚያድነኝ የእኔ ክላክስ አይደለም፤ የሌላው ሰው ማየት ነው። ቀኑን ሙሉ ስለሚጮኽ አሁን ዞር ብሎ የሚያየኝ ሰው የለም» አለ። አንድ ሽማግሌ የጭነት መኪና ሹፌር በበኩላቸው «ክላክሴ ደህና ነው፤ በሳምንት አንዴ ቢነካ ነው፤ ፍሬኔን ግን በየቀኑ አየዋለሁ» ብለውናል። የእኚህን አባት አነጋገር ልብ ይሏል።

በክላክሱ የማይረካ ሹፌር ሁልጊዜ መፍትሔ የሚፈልገው ከሶማሌ ተራ ትልቅ ጥሩምባ በመግዛት ነው። ይህ ለምን እንደማያዋጣ በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ አስረድተውናል። ክላክስ ማለት ውስጡ ስስ ቆርቆሮና የኤሌክትሪክ ማግኔት ያለው ነገር ነው። ኤሌክትሪኩ በፍጥነት እየተቋረጠና እየተገናኘ ቆርቆሮውን ሲያንቀጠቅጠው ይጮኻል። ድምፁ የሳሳ እንደሆነ ብዙውን ጊዜ ክላክሱ ሞቶ አይደለም። የነጋቲቩ ሽቦ ዝጎ ወይም መገናኛው ቆሽሾ፣ አለበለዚያም ከጀርባው ያለችው ማስተካከያ ብሎን ላልታ ነው። ሽቦውን ቢያጸዱትና ብሎኗን በትንሹ ቢያስተካክሏት ድምፁ ይመለሳል። ትልቁን ጥሩምባ ያለ ሪሌ መግጠም ግን ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ማብሪያውንና ሽቦውን ሊያቃጥል ይችላል።

ደግሞስ የፋብሪካው ክላክስ መች አነሰ? ዓለም አቀፉ ደንብ የመኪና ክላክስ በ2 ሜትር ርቀት ላይ ከ105 ዴሲቤል ያላነሰ ድምፅ እንዲኖረው ያዛል። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ሰው በሌሊት በግቢ በር ላይ ክላክስ ሲያደርግ 16 ሜትር ርቆ ባለው መኝታ ቤት መስኮት ላይ 87 ዴሲቤል ያህል ይደርሳል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ አገሮች ባወጣው መመሪያ ደግሞ የመንገድ ድምፅ በሌሊት በአማካይ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል። አማካይና የአንድ አፍታ ጩኸት አንድ ባይሆኑም ልዩነቱን አራስ ያለበት ቤት ይመስክር። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው አረጋውያን፣ ለፈተና የሚያነቡ ልጆች፣ የሌሊት ሥራ ውለው ቀን የሚተኙ ጥበቃዎችም ይመስክሩ።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ በቅርቡ ሥራ አስፈጻሚው ፊት ቀርበው «ንጋት ላይ ስነፋ ታክሲዎቹ አብረውኝ ይነፋሉ፤ ሰውም ቀብር ሲያመልጠው እኔን ይወቅሰኛል» ብለው አቤት ብለዋል። የሞተ ሰው ጥሪ እንኳ በተሳፋሪ ጥሪ ተሸፈነ እኮ! ከዚህ የበለጠ ምን እንጠብቃለን?

አሁን ሁሉንም በታክሲዎች ላይ ብናላክክ ሐሰት ይሆናል። እኛም የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚዎች ከጥፋቱ አልነጻንም። ከመካከላችን መኪና ያላቸው ማታ ሲገቡ ዘበኛ ለመቀስቀስ ክላክስ የሚያደርጉ አሉ። ይህን ጽሑፍ ለማውጣት በተሰበሰብን ምሽት እንኳ አንዱ አባላችን በር ላይ ክላክስ አድርጎ ገባ፤ ሁላችንም ተያይተን ሳቅን፤ እሱም አፈረ። ነዋሪውም ቢሆን መንገዱን እንደ ግቢው ቆጥሮ መሐል ላይ ቆሞ ያወጋል፤ በግም ይነዳል፤ «ክላክስ ካላደረገ አልነሣም» ይላል። ክላክስን ያስለመድነው በጋራ ነው።

የክላክስ ነገር የእኛ ብቻ ችግር እንዳልሆነም እንወቅ። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በመኖሪያ አካባቢ ክላክስ የሚደረገው አደጋ ለማስቀረት ብቻ እንዲሆንና ድምፁም ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይረዝም ይላል። የኔፓል ዋና ከተማ ካትማንዱ እ.ኤ.አ. በ2017 ያለ አስፈላጊ ምክንያት ክላክስ ማድረግን ከልክላለች። በሕንድ አገር በሙምባይ ደግሞ ፖሊስ በአንዳንድ መብራቶች ዘንድ ድምፅ መለኪያ ገጥሞ፣ ጩኸቱ ከ85 ዴሲቤል ሲያልፍ ቀዩ መብራት እንደገና ከመጀመሪያው እንዲቆጥር አድርጎ ነበር። የጮኸ ሁሉ ቆሞ ይውላል ማለት ነው! እነሱ በሚሊዮን ሕዝብ መካከል ይህን ከሞከሩ፣ እኛ በስም የምንተዋወቅ ጎረቤታሞች እንዴት ያቅተናል?

ሹፌሮቻችን አንድ ነገር በደንብ እንዲያስቡልን እንለምናለን። መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በ1 ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። እጅ ክላክስ ላይ ሆኖ «ይነሣ ይሆናል» ሲባል የሚያልፈው ሰከንድ ይኸው ነው። እነዚያ 11 ሜትሮች በቦኖው ቁልቁለት ላይ የልጅ እግር ናቸው። ስለዚህ እግር ፍሬን ላይ ይቅደም፤ ክላክስ ይከተል።

ማኅበሩ ከባለ ታክሲዎች፣ ከባለ ባጃጆችና ከነዋሪዎች ተወካዮች ጋር ተነጋግሮ ከዚህ በታች ባሉት ላይ ተስማምቷል።

1ኛ. ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በግቢ በር ላይ ክላክስ አይደረግም። ዘበኛ በስልክ ይጠራ፤ አለበለዚያ ወርዶ ማንኳኳት ነው።

2ኛ. ታክሲ ተሳፋሪ ለመጥራት ክላክስ አያደርግም። ረዳቱ አፍ አለው፤ እሱም ቢሆን በልክ ይሁን።

3ኛ. ቁልቁለቱ ላይ ሁሉም ተሽከርካሪ ፍጥነቱን ቀንሶ ያልፋል። የፍጥነት መቀነሻ እንዲሠራልን ለወረዳው ማመልከቻ አስገብተናል፤ መልሱን በዚሁ ሰሌዳ እናሳውቃለን።

4ኛ. ክላክሱ የደከመበት ሹፌር ትልቅ ጥሩምባ ከመግዛቱ በፊት ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ወደ ማኅበሩ ግቢ ይምጣ። ከላይ ያነሣናቸው ባለሙያ የእጅ ዋጋ ሳይጠይቁ ሊያዩለት ቃል ገብተዋል። ስላደረጉት በጎ ነገር እናመሰግናለን።

5ኛ. የሰርግ አጃቢዎች ደስታችሁ ደስታችን ነው። በሙሽራው በር ላይ እንደ ወጉ አሰሙ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሕመምተኛ ያለበትን ቤት አስቡ።

6ኛ. ወላጆች ልጆቻችሁን «ክላክስ ሰማህም አልሰማህም፣ ቆመህ ግራ ቀኝ አይተህ ተሻገር» በሏቸው። ጥሩ ጆሮ የሌላቸው ወገኖቻችንም በመንገዱ ይሄዳሉና ሹፌሮችም ይህን አትርሱ።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይሆናል አንልም። የለመደ እጅ ሳያስበው ይሄዳል። ነገር ግን አንድ ወር ብንሞክረው የምንጎዳበት ነገር የለም። የዚያ ልጅ ጄሶ በሚመጣው ወር ይፈታል ተብሏል፤ ጀሪካኑን ይዞ እንደገና ወደ ቦኖ ይወርዳል። ያን ቀን በቁልቁለቱ ላይ ክላክስ ቢሰማ «ሰው ይጠራል» ብሎ ሳይሆን «ለእኔ ነው» ብሎ እንዲቆም እናድርግለት።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት