ቡድን በክረምት ይሸመታልን?

የክረምት ወራት በደረሰ ቁጥር የእግር ኳስ ወዳጆች ጆሮ ወደ አንድ ዓይነት ወሬ ያዘነብላል። ወሬውም «እገሌ ለእገሌ ክለብ ፈረመ» የሚል ነው። በሆሳዕና ከተማ ቡና ቤቶችም ሆነ በሀቢቾ መንገድ ዳር ዝናብ ለማሳለፍ በተጠለሉ ወጣቶች ዘንድ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ዘንድሮ ማንን አመጡ? ማን ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለምን ሄደ የሚለው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እኛ ዛሬ ብዕር ያነሣነው ጠያቂ ላነሳቸው ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

የሀዲያ ሆሳዕና እግር ኳስ ክለብ፥ ወዳጆቹ «ነብሮቹ» የሚሉት፥ ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2008 ዓ.ም. ውድድር ሲገባ የአካባቢው ሕዝብ የተደሰተውን ደስታ ለመግለጽ ቃል ያጥራል። ደስታው ግን ዓመት አልሞላውም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከዳሸን ቢራ ክለብ ጋር አብሮ ወረደ። ለ2012 ዓ.ም. ውድድር እንደገና ወጣ፤ ያ ውድድር ደግሞ በኮሮና በሽታ ምክንያት ሳይፈጸም ተሰረዘ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታው በቴሌቪዥን እንዲታይ ሲባል ክለቦቹ በጥቂት ከተሞች እየተሰበሰቡ ይጫወቱ ጀመር። ስለዚህ የአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ለብዙ ጊዜ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ሳያይ ቀረ፤ ደጋፊውም ወይ ተሳፍሮ ሐዋሳና አዳማ ይወርዳል፥ ወይ ጎረቤት ቤት ተጠግቶ በቴሌቪዥን ያያል። ክለቡ የሕዝብ ነው እየተባለ ሕዝቡ በሩቅ የሚያየው ከሆነ፥ ቢያንስ በቡድኑ ውስጥ የሚያውቀው ፊት ሊኖር ይገባ ነበር። ይኸ የእኛ ስሜት ብቻ አይመስለንም።

አሁን ወደ ሥራው አካሄድ እንምጣ። በሀገራችን የሚበዙት ክለቦች የከተማ ወይም የዞን አስተዳደር በጀት የሚያስተዳድራቸው ናቸው። የመንግሥት በጀት ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያልቃል። የክለቡ አሳብም ከበጀቱ ጋር አብሮ ይጀመራል፥ አብሮም ያልቃል። የተጫዋቾች ውል ብዙውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ሰኔ ሲያልቅ የቡድኑ እኩሌታ ውሉን ጨርሶ ሻንጣውን ያነሣል። ሐምሌ ሲገባ አዲስ አሠልጣኝ ይቀጠራል፤ አዲሱ አሠልጣኝ ቀድሞ ያሠለጠናቸውንና የሚያውቃቸውን ይጠራል። ይኸን አናማርርበትም፤ ሰው የሚያምነው የሚያውቀውን ነው፥ ደግሞም ታኅሣሥ ላይ ሊባረር እንደሚችል የሚያውቅ ሰው በአምስት ዓመት የሚደርስ ልጅ ይትከል ብሎ መፍረድ ግፍ ነው። ጥፋቱ የሰውየው ሳይሆን የቀጠሮው አጭርነት ነው።

ውጤቱ ግን ይታያል። በየክረምቱ አሥር፥ አሥራ አምስት ሰው ይገባል፤ ያንኑ ያህል ይወጣል። የሚገቡትም ከአንድ ክለብ ወደ ሌላው የሚዘዋወሩ ያው የታወቁ ሰዎች ናቸው። አምና ለሐዋሳ፥ ዘንድሮ ለሆሳዕና፥ ለከርሞ ለድሬዳዋ። ተጫዋቹን አንወቅሰውም፤ የእግር ኳስ ዕድሜ አጭር ናት፥ ቤተ ሰብም አለው። ነገር ግን ክለቦች ሁሉ በአንድ ወር፥ ለአንድ ዓይነት ዕቃ፥ በአንድ ገበያ ሲሻሙ ዋጋ እንደሚንር ለማወቅ የኤኮኖሚክስ ዲግሪ አያስፈልግም። (እኛ ዲግሪውን ይዘን የተማርነው ነገር ማንኛዋም የገበያ ሴት የምታውቀው ሆኖ ስናገኘው ትንሽ አፍረናል።)

የዋጋው ንረት ያሳሰባቸው ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ውሳኔው በወረቀት ኖረ፤ ገንዘቡ ግን በሌላ በር ይገባ ጀመር፤ ይኸን የስፖርት ወዳጅ ሁሉ ያወቀው ነው። ኋላም በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር በአንድ ሰው ደመወዝ ፈንታ የክለቡን ጠቅላላ ወጪ የሚገድብ መመሪያ አወጣ። ይኸኛው ከፊተኛው ይሻላል እንላለን። ጠቅላላው ከተገደበ ክለቡ ለአንዱ ብዙ ሲከፍል ለሌላው ማነሱን በገዛ እጁ ያሰላል፤ ማሰብ ይጀምራል ማለት ነው። ባለማሰብ የሚመጣውንማ አይተናል። በደመወዝ ጉዳይ ተጫዋቾችና ክለቦች ፌዴሬሽን ደጅ ድረስ የተካሰሱበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ የሀዲያ ሆሳዕናም ክለብ ከዚህ ጭቅጭቅ አላመለጠም።

በሌላው ዓለም ይኸ ጉዳይ እንዴት ሆነ? ዤን ማርክ ቦስማን የሚባል ቤልጅካዊ ተጫዋች ነበረ። ውሉ በ1990 እ.ኤ.አ. አልቆ ወደ ፈረንሳዩ ዳንኬርክ ክለብ ልሂድ ቢል የቀድሞ ክለቡ ሊዬዥ «ዋጋ ካልተከፈለኝ አይሄድም» አለ። ሰውየው ከሰሰ፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 15 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ውሉ ያለቀበት ተጫዋች ያለ ዋጋ መሄድ እንዲችል ፈረደ። ቦስማን ራሱ ከፍርዱ ብዙ አልተጠቀመም ይባላል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ነጻነቱን ወረሱ። ከዚያ ወዲህ የሠለጠነ ክለብ የውል መዝገቡን ዘወትር ፊቱ ዘርግቶ ይኖራል። የማን ውል መቼ ያልቃል? ማን ይታደስለታል? ማን ይሸጣል? በማን ፈንታ ማን ይተካል? ምክንያቱም ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር መፈራረም ይችላልና።

አሜሪካኖች ደግሞ በእጅ በሚያዘው ሞላላ ኳሳቸው ሌላ ዘዴ አወጡ። በ1935 እ.ኤ.አ. የፊላዴልፊያው ክለብ ባለቤት በርት ቤል ሀብታሞቹ ክለቦች ደኅና ደኅናውን ልጅ ሁሉ እየወሰዱበት ቢቸገር አንድ አሳብ አቀረበ። ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ልጆች በተራ እንምረጥ፤ በውድድሩ መጨረሻ የወጣው ክለብ መጀመሪያ ይምረጥ አለ። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው ምርጫ ሲደረግ መጨረሻ የወጣው የእርሱው ክለብ ነበረና መጀመሪያ መረጠ። የመረጠው ጄይ በርዋንገር የሚባል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ግን በዚያ ሊግ አንድም ቀን ሳይጫወት ወደ ሌላ ሥራ ሄደ! ምርጫ ትንቢት አይደለም፤ ቢሆንም ሥርዓቱ ዛሬም ድረስ አለ፤ ስሙንም ድራፍት ይሉታል። የእኛም ሀገር ልጅ አልፎበታል። ኢትዮጵያ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ፉአድ ኢብራሂም በ2007 እ.ኤ.አ. ገና 15 ዓመቱ ሳለ በአሜሪካ የእግር ኳስ ሊግ ድራፍት በዳላስ ክለብ ተመርጧል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ለአፍሪካ ዋንጫ በሄደው ብሔራዊ ቡድናችንም ውስጥ ነበረ።

ታዲያ ድራፍቱን እንዳለ ወደ እኛ እናምጣው የሚሉ ጓደኞች አሉን። እኛ አንስማማም። በዚያ ሀገር ልጁን የሚያሠለጥነው ዩኒቨርሲቲው ነው፥ ወጪውም የእርሱ ነው፤ ሊጉ ደግሞ የተዘጋ ነው፥ መጨረሻ የወጣ አይወርድም። በእኛ ዘንድ መጨረሻ የወጣ ይወርዳል፤ የወረደን ሰው መጀመሪያ ምረጥ ቢሉት ምን ይጠቅመዋል? ደግሞስ ከየትኛው ትምህርት ቤት ነው ተሠልጥኖ የሚመጣው? የሚመረጥ ሳይኖር የመምረጫ ሥርዓት ማቆም ወፍጮ ተክሎ እህል አለመዝራት ነው።

ሩቅ አገር ከመሄድ ይልቅ የሆሳዕናን ሰው ጓሮ ማየት ይበቃል። የሀዲያና የከምባታ ባለእንሰት ጓሮውን እንዴት ነው የሚያዘው? እንሰት ተተክሎ በዓመቱ አይበላም፤ እንደ ዐይነቱና እንደ አገሩ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ብልኅ ቤተ ሰብ ጓሮውን በአንድ ዕድሜ ተክል አይሞላውም። ችግኙ አለ፤ ከችግኝ ቦታው ተነቅሎ አንድ ጊዜ የተዛወረው አለ፤ ሁለተኛ ተዛውሮ የቆመው አለ፤ ለመፋቅ የደረሰውም አለ። ዘንድሮ የሚፋቀውን ያህል ዘንድሮ ይተከላል። ገበያ ወጥቶ ቆጮ የሚገዛበት ቀን አይጠፋም፤ ግን ገዝቶ ብቻ የሚኖር ቤት በመንደሩ ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቀዋል። እንግዲህ ይኸንኑ ጓሮ የያዘው ሕዝብ ክለቡን ሲይዝ ጥበቡን የት ጥሎት ነው የሚመጣው?

ሃያ አምስት ተጫዋች ያለው ክለብ መዝገቡን በዕድሜ ከፋፍሎ ይጻፈው። ከሠላሳ ዓመት ያለፉት ስንት ናቸው? በጉልበታቸው ዕድሜ ያሉት ስንት? ከሃያ አንድ በታችስ? ከዚያም በየስማቸው ትይዩ ውላቸው የሚያልቅበትን ዓመት ይጻፍ። በአንድ ሰኔ ከሰባትና ከስምንት የሚበልጥ ውል እንዳያልቅ ይደረግ። ይኸ አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ ክለቡ ወደ ገበያ ሲወጣ ሊገዛ የሚፈልገውን አውቆ ይወጣል። በረኛ ጎድሎት ሦስተኛ አጥቂ ይዞ አይመለስም።

ሁለተኛው ነገር ችግኙ ነው። ጎረቤታችን ወላይታ ድቻ በ2001 ዓ.ም. የተቋቋመ ክለብ ነው። በብዛት የአካባቢውን ልጆች አሰልፎ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዋንጫ ወሰደ፤ በ2010 ዓ.ም. በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብጹን ዛማሌክ በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ አስወጣ። የዛማሌክን በጀት ከሶዶው ክለብ በጀት ጋር ማወዳደር ቀልድ ይሆናል። በእርግጥ ድቻም ኋላ ብዙ ውጣ ውረድ አይቷል፤ ልጅ ማሳደግ ዋንጫን አያስርም። ነገር ግን ያ ቡድን ከገበያ የተለቀመ ቡድን አልነበረም።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ እንዲህ ነው። ከአሜሪካኖቹ ዘዴ ተራውንና ቀጠሮውን ብቻ እንውሰድ። በየዓመቱ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲያልቅ፥ ከየወረዳው የታዩት ልጆች ወደ ሆሳዕና ይምጡ፤ ከዱራሜና ከሺንሺቾ በኩል ያሉትም አይከልከሉ። በአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ሕዝብ እያየ ይጫወቱ። ክለቡ ከእነርሱ አምስት ወይም ስድስት ልጅ በግልጽ መርጦ ለሦስት ዓመት ይያዝ፤ ትምህርታቸውንም አያስተጓጉል። በግልጽ የምንለው በምክንያት ነው። በጓዳ የተመረጠ ልጅ የማን ዘመድ ነው መባሉ አይቀርም፤ ሜዳ ላይ የተመረጠን ግን ያየው ሁሉ ይመሰክርለታል። ዕድሜውንም ቢሆን አብረውት የተማሩት ያውቁታል፤ በወረቀት 17 ዓመት የሆነ ባለጢም ተጫዋች እንዳይመጣብን ማለታችን ነው።

«ይኸ ጎጠኝነት ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣብን እናውቃለን። አይደለም። ከጎንደርም ይምጣ ከጋምቤላ፥ ከጋናም ቢሆን፥ ጎሉን የሚጠብቅልን ደኅና በረኛ በክብር ይያዝ፤ ከልጆቹ አጠገብ ቆሞ የሚያስተምር አንጋፋ ተጫዋች ካልኖረ ልጆቹም አያድጉም። የምንቃወመው ከሌላ አገር መምጣቱን አይደለም፤ በዓመቱ መሄዱን ነው። ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፤ «በልጆች ተጫውተን ብንወርድስ?» የሚለው። አዎን፥ ያስፈራል። ግን በ2008 ዓ.ም. የወረድነው በልጆች ብዛት አልነበረም።

ገንዘቡን ከዚህ ጋር ማየት ይገባል። አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና ሲጫወት በ2013 ዓ.ም. 29 ግብ አገባ፤ በፕሪሚየር ሊጉ በአንድ ዓመት ያን ያህል ያገባ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ተጫዋች ገና ውል ሳለው በዋጋ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር ከ12 ዓመቱ እስከ 23 ዓመቱ ያሳደጉት ክለቦች ከዋጋው በመቶ 5 እንዲካፈሉ የፊፋ ደንብ ያዛል። በየክረምቱ የሠላሳ ዓመት ሰው የሚገዛ ክለብ ከዚህ የሚደርሰው ድርሻ ኢምንት ነው።

ደቡብ አፍሪካን ካነሣን ዘንድ፥ ከሀዲያና ከከምባታ ወደዚያው አገር የሚሄዱ ሌሎች ወጣቶች አሉ። እነርሱን የሚጠራቸው ክለብ የለም። ደላላ ነው የሚጠራቸው። ቤተ ሰብ መሬት አስይዞ፥ ከብት ሽጦ ይከፍላል፤ ልጁ በኬንያ፥ በታንዛንያ፥ በማላዊና በሞዛምቢክ እየተደበቀ ይጓዛል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በምትባል አገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። የእግር ኳስ ክለብ ይኸን ሁሉ ያስቀራል ብለን አንቀልድም፤ ስድስት ልጅ በዓመት ከዚያ ጎርፍ ጠብታ ነው። ነገር ግን በሆሳዕና ሜዳ አንድ የሀቢቾ ልጅ በሥርዓት ተጠርቶ ሲፈርም የሚያይ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፥ ከደላላው ሌላ ስም የሚጠራ ሰው መኖሩን ያያል። አሁን ግን የሚያየው ከሌላ ክለብ የመጣ እንግዳ ማልያ ይዞ ፎቶግራፍ ሲነሣ ነው፤ ያም እንግዳ በሚቀጥለው ክረምት በሌላ ማልያ ይታያል።

በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ሆሳዕና የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር መቀመጫ ሆናለች። ስለዚህ «ከበላይ የሚወስን የለም» የሚለው ምክንያት አሁን አይሠራም፤ ወሳኙ እዚያው ጎረቤት ነው። የክለቡ ቦርድ ሐምሌን ሳይጠብቅ በሚያዝያ ወር የተጫዋቾቹን ዕድሜና የውል ማብቂያ ዝርዝር ለደጋፊዎች ማኅበር ቢያቀርብ፥ ዝርዝሩን ለማንበብ የመጀመሪያዎቹ ተሰላፊዎች እኛ ነን።