አሮጌዋ ዳትሰንና ቁልቁለቱ

ከአንዲት የሃምሳ አለቃ ባለቤት የተላከ ደብዳቤ ደርሶናል። የልጆቻቸው አባት ለፈቃድ ጊዜ መጓጓዣ እንድትሆን አንዲት ያረጀች ዳትሰን 1600 ኤስ.ኤስ.ኤስ. ገዝተዋል። ወይዘሮዋ ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው የሚቀመጡት ከኋላ ነው። «ቁልቁለት ላይ ኩርባ ከገባን በኋላ ደንግጦ ነዳጁን ሲለቅ፣ የመኪናዋ ጭራ ወደ ገደሉ የሚሄድ ይመስለኛል። እሱ ግን ‹ይህቺ ሳፋሪ ያሸነፈች መኪና ናት፤ አይዞሽ› ይለኛል። ማናችን ነን ልክ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል እንላለን። ሆኖም አስቸኳዩ እውነት የወይዘሮዋ ነው።

የሃምሳ አለቃው ቃል ባዶ ጉራ አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካው የሳፋሪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1953 የእንግሊዝን ንግሥት የዘውድ በዓል ምክንያት በማድረግ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች ላይ የተጀመረ ሲሆን፣ ጭቃውና አቧራው ስመ ጥር መኪናዎችን ሰብሮ ያስቀረ ፈተና ነበር። በዚያ ሜዳ ሰው ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስባቸው ዓይነት መኪናዎች ደጋግመው ድል ነስተዋል። ፔዦ 404 በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968፣ ዳትሰን 1600 ኤስ.ኤስ.ኤስ. በኤድጋር ኸርማን መሪነት በ1970፣ ፔዦ 504 ደግሞ በ1975 አሸንፈዋል። ነገር ግን ያሸነፈችው ዳትሰን አዲስ ነበረች፤ ጎማዋ ትኩስ፣ ሞላዋ ያልደከመ፣ በየማረፊያው መካኒክ የሚጠብቃት ነበረች። ከኋላ ወንበሯም ላይ ልጅ አልተቀመጠም።

ኩርባ ላይ መኪናን መንገድ ላይ የሚያቆየው ሞተሩም ስሙም አይደለም። እያንዳንዳቸው የመዳፍ ያህል ስፋት ባላቸው አራት የጎማ ገጾች መሬቱን ቆንጥጠው የሚይዙት ጎማዎቹ ናቸው። ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። ዳትሰኗ ከነተሳፋሪዎቿና ከነጓዟ 13 ኩንታል ትመዝናለች እንበል፤ ኩርባውም ግማሽ ዲያሜትሩ 40 ሜትር የሆነ፣ በተራራ መንገድ ላይ ዘወትር የሚያጋጥም ዓይነት ይሁን። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትታጠፍ ጎማዎቹ ወደ ጎን 4 ኩንታል ያህል ኃይል ይሸከማሉ። በ50 ከ6 ኩንታል በላይ፣ በ60 ደግሞ 9 ኩንታል ያህል ይሆናል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር ሸክሙ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ደህና ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ እነዚህን 9 ኩንታሎች በጭንቅ ይችላቸዋል። ከረጅም ደረቅ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ካፊያ አቧራውንና የፈሰሰውን ዘይት ሲያላቁጠው ግን ስድስቱም ይከብዱታል፤ በጠጠር መንገድ ላይ እንዲያውም አራቱም አያስተማምኑም።

እዚህ ላይ ወይዘሮዋ በወገባቸው ያወቁትን ነገር እናብራራ። ዳትሰን 1600 ኤስ.ኤስ.ኤስ. በዘመኗ የተወደደችው የኋላ እግሮቿ እንደ ላዳ ወይም እንደ ፔዦ 404 በአንድ ወጥ አክስል ያልተያያዙ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ክንድና ሞላ የሚንቀሳቀሱ በመሆናቸው ነው። አንዱ እግር ጉድጓድ ሲገባ ሌላው አይረበሽም፤ ስለዚህ በተበላሸ ኩርባ ላይ ላዳዋ በጭራዋ ስትዘል ዳትሰኗ መሬቱን እንደያዘች ታልፋለች። የዚህ አሠራር ጠባይ ግን አንድ ነገር ያስከፍላል። ሹፌሩ በኩርባው መካከል ነዳጁን በድንገት ሲለቅ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ጭራው ይነሣል፤ የኋላ ክንዶቹም ወደ ታች ሲወርዱ የጎማዎቹን አቋቋምና አቅጣጫ በጥቂቱ ያዛባሉ። የፊት ጎማዎች መያዛቸው ሲጨምር የኋላዎቹ ይቀንሳል፤ ጭራውም ወደ ውጭ ይወጣል። ፍሬን ከተጨመረበት ደግሞ የባሰ ነው። የጎማ አቅም እንደ ወር ደመወዝ የተወሰነ ነውና ለፍሬን የወጣው ለመታጠፊያው አይተርፍም። ላዳም ብትሆን ከዚህ ሕግ ነፃ አይደለችም፤ ጠባይዋ ግን ዘገም ያለ ነው።

እንግዲህ የሃምሳ አለቃው ፍርሃታቸውን ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከኩርባው በፊት ይፍሩ። ፍሬኑ መያዝ ያለበት መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። በቁልቁለት፣ ለምሳሌ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ፣ አስቀድሞ ዝቅ ያለ ማርሽ ማስገባት ፍሬኑን ከመጋል ያድናል። ከታጠፉ በኋላ እግር ነዳጁ ላይ በስሱ፣ ሳይጨምርና ሳይለቅ ይቆይ። ከልክ በላይ ፈጥነው ገብተው ከሆነም ነዳጁን ቀስ ብለው ይቀንሱ እንጂ በአንድ ጊዜ አይልቀቁት።

አሮጌ መኪና ከመግዛት በፊት ሰው ሁሉ ኮፈን ከፍቶ ሞተር ያዳምጣል፤ ተንበርክኮ ጎማ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ከ2000 ወዲህ በተሠራ ጎማ ጎን ላይ፣ በፋብሪካው የምሥጢር ፊደላት መጨረሻ፣ አራት ቁጥሮች ይገኛሉ። 3512 የሚል ከሆነ ጎማው በ2012 በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳ ዐሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ደርቋል፤ የደረቀ ጎማ ደግሞ መሬት አይቆነጥጥም። ቁጥሩን ለማንበብ መካኒክ መሆን አያሻም፤ ወይዘሮዋ መኪናዋ ቆማ ሳለ ራሳቸው ሊያነቡት ይችላሉ። ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ ለመግዛት አቅም ከተገኘ፣ ብዙ ጎሚስታ ከፊት ይግጠም ቢልም፣ ከኋላ መግጠሙ ይሻላል፤ ፊቱ ቢንሸራተት ሹፌሩ በመሪው ላይ ወዲያው ያውቀዋል፣ ጭራው ከወጣ ግን የሚመልሰው የሠለጠነ እጅ ብቻ ነው።

የሞላዎቹን ነውጥ የሚገታው ሾክ አብዞርበር ደህና መሆኑ የሚታወቀው የመኪናዋን ማዕዘን በሁለት እጅ ተጭኖ በመልቀቅ ነው። አንድ ጊዜ ተነሥታ ከረጋች ደህና ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ካዘገመች ደክሟል፣ ይለወጥ።

የቀረው የጓዙ ነገር ነው። ወደ ቤተሰብ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድምና ጤፉና ቅቤው ፖርቶ መጋላ ላይ ይጫናል። ክብደት ከፍ ባለ ቁጥር መኪናዋ ኩርባ ላይ ትጋደማለች፤ በውጭ በኩል ያሉት ጎማዎችም ሸክሙን ብቻቸውን ይሸከማሉ። ከባዱ ጓዝ ከኋላ ሣጥን ውስጥ ወደ ወንበሩ ተጠግቶ በታች ይቀመጥ፤ ጣሪያው ላይ ፍራሹና ብርድ ልብሱ ብቻ ይውጡ። የኋላ ጎማዎችም ከመንገድ በፊት፣ ገና ሳይሞቁ፣ ለሙሉ ጭነት በተወሰነላቸው መጠን ነፋስ ይሞሉ።